ማስረጃው በመጋዘን ተቀምጦ ሳለ የዲኤንኤ ምርመራ ለምን ይከለከላል?

ጥያቄ፦ «የቴክሳሱ ሞት ፍርደኛ ሩበን ጉቴሬዝ የዲኤንኤ ምርመራ ለማስደረግ ባቀረበው ክስ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸነፈ ሲባል ሰማሁ። ነጻ ይወጣል ማለት ነው? ዲኤንኤ እውነቱን የሚያወጣ ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ይህን ሁሉ ዓመት የሚከላከለው ለምንድን ነው? እኔ የምኖረው እዚያው ቴክሳስ ነው፤ ዘመዱ የታሰረበት ሰው ከዚህ ጉዳይ ምን ሊይዝ ይችላል?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያው ጥያቄዎ ልጀምር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2025 በስድስት ለሦስት ድምፅ የሰጠው ውሳኔ ጉቴሬዝን ከእስር የሚያስለቅቅ አይደለም፤ ምርመራው ይደረግለት ብሎ የሚያዝም አይደለም። የወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉቴሬዝ የቴክሳስ የዲኤንኤ ምርመራ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ዐቃቤ ሕጉን ለመክሰስ የሚያበቃ ጥቅም አለው፣ ስለዚህ ክሱ ሊሰማለት ይገባል የሚል ነው። ሰውየው ከአሥር ዓመት በላይ ተከራክሮ ያገኘው በር ላይ ቆሞ የመሰማትን መብት መሆኑ ብዙ ሰዎችን ያስገርማል፤ እንዲያም ሆኖ በዚህ የሕግ ዘርፍ ትልቅ ድል ነው። ለምን ትልቅ እንደ ሆነ ለመረዳት የወንጀሉን ታሪክና የቴክሳስን ሕግ አብሮ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመስከረም 1998 ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ባለችው ብራውንስቪል ከተማ አንዲት የ85 ዓመት አዛውንት በመኖሪያ ቤታቸው ተገድለው ተገኙ። ሴትዮዋ የተንቀሳቃሽ ቤቶች መንደር ባለቤት ነበሩ፤ ባንክ ስለማያምኑ 600 ሺህ ዶላር ገደማ በጥሬው ቤታቸው ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ጉቴሬዝ ከሟች የወንድም ልጅ ጋር ወዳጅነት ስለነበረው ገንዘቡ መኖሩን ያውቅ ነበር። የዐቃቤ ሕግ ክስ ጉቴሬዝና አንድ ግብረ አበሩ ወደ ቤቱ ገብተው ሴትዮዋን በሁለት ካቻቢቴ ወግተው ገደሉ፣ ሦስተኛው ሰው መኪና ይዞ ጠበቃቸው የሚል ነበር። በ1999 ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጦ የሚፈርደው ሸንጎ) ጥፋተኛ አለው፤ ሞትም ተፈረደበት። ጉቴሬዝ ገንዘቡን ለመስረቅ መመካከሩን አይክድም። የሚክደው ወደ ቤቱ መግባቱን እና ሰው እንደሚገደል ማወቁን ነው። ቤት ውስጥ እንደ ነበረ የሚገልጽ ቃል ለፖሊስ ሰጥቷል፤ ያ ቃል ግን በግፊት የተወሰደብኝ ነው ይላል።

ከወንጀሉ ሥፍራ የተሰበሰቡት ኤግዚቢቶች ጥቂትና ግልጽ ናቸው፦ ከሟች ጥፍር ሥር የተፋቀ ናሙና፣ በጣታቸው ላይ ተጠምጥሞ የተገኘ ፀጉር፣ ከቤቱ የተወሰዱ የደም ናሙናዎች እና የደም ጠብታ ያለበት የሚመስል የወንድማቸው ልጅ ሸሚዝ። ሴትዮዋ ከገዳያቸው ጋር ተናንቀው ከሆነ ጥፍራቸው ሥር የማን ቆዳ አለ? ጣታቸው ላይ የቀረውስ ፀጉር የማን ነው? ጉቴሬዝ እነዚህ ዕቃዎች ይመርመሩልኝ ብሎ በ2010 አመለከተ። የቴክሳስ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 ውድቅ አደረገው። በ2019 እንደገና አመለከተ፤ በ2020 እንደገና ተከለከለ።

ለምን ተከለከለ? የጥያቄዎ እምብርት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቴክሳስ በ2001 ያወጣችው ሕግ ከፍርድ በኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ለሚጠይቅ ሰው ብዙ መስፈርት ያስቀምጣል። ዕቃው አሁንም መኖር አለበት፤ ለምርመራ በሚያበቃ ሁኔታ ላይ መሆን አለበት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንዳልተለወጠና እንዳልተነካካ የአያያዝ መዝገቡ ማሳየት አለበት፤ በጉዳዩ የወንጀሉ ፈጻሚ ማንነት አከራካሪ መሆን አለበት፤ ጥያቄው ቅጣትን ለማዘግየት የቀረበ መሆን የለበትም። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ አመልካቹ የምርመራው ውጤት ለእርሱ የሚጠቅም ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ጥፋተኛ እንደማይባል ማሳመን ያለበት መሆኑ ነው። ልብ ይበሉ፤ መስፈርቱ የሚጠይቀው «ጥፋተኛ አይባልም ነበር ወይ?» ብሎ ነው። «ሞት አይፈረድበትም ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

በጉቴሬዝ ጉዳይ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። በቴክሳስ ሕግ በወንጀል የተባበረ ሰው ሌላው ለፈጸመው ግድያ ጥፋተኛ ሊባል ይችላል፤ እንግዲህ ጉቴሬዝ ዝርፊያውን ማቀዱን እስካልካደ ድረስ በሟች ጥፍር ሥር ያለው ዘረ መል (ዲኤንኤ) የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ከጥፋተኛነት አያመልጥም። የሞት ቅጣት ግን የተለየ ጥያቄ ይነሣበታል። ጁሪው ተከሳሹ ራሱ መግደሉን፣ ወይም እንዲገደል ማሰቡን፣ ወይም ደግሞ ሰው ሊሞት እንደሚችል አስቀድሞ መገመቱን ሳያረጋግጥ በተባባሪነት ብቻ ሞት ሊፈርድ አይችልም። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1982 እና በ1987 በሰጣቸው ውሳኔዎች በገዛ እጁ ያልገደለ፣ እንዲገደልም ያላሰበ ተባባሪ ሞት የሚፈረድበት በወንጀሉ ውስጥ ዋና ተሳታፊ ሆኖ ለሰው ሕይወት ፍጹም ግድ የለሽ ከነበረ ብቻ እንደ ሆነ ወስኗል። ጉቴሬዝ ከቤቱ ውጭ ነበርኩ ሲል የሚከራከረው በዚህ ላይ ነው፤ ከወኅኒ ቤት አስወጡኝ አላለም፣ ለመሞት የሚያበቃኝን ነገር አላደረግሁም ነው የሚለው።

ቴክሳስ በሌላ ሕጓ ለሞት ፍርደኛ ይህን እንዲያሳይ በር ከፍታለታለች፦ ለሞት የሚያበቃው መስፈርት በእርሱ ላይ እንደማይሟላ ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ካሳየ፣ ለሁለተኛ ጊዜም ቢሆን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። እንግዲህ በአንድ እጅ ማስረጃ አምጣ ትለዋለች፣ በሌላው እጅ ማስረጃው የሚገኝበትን ምርመራ ትከለክለዋለች። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2021 በሰጠው ብይን መብቱ እንዲህ ባለ ሁኔታ ስሙ ብቻ የቀረ መብት እንደ ሆነ ገልጾ የምርመራ ሕጉ ፍትሐዊ የሕግ ሥርዓትን ይጥሳል አለ። በእኔ ዕይታ በዚህ መዝገብ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ጉዳዩን በቀጥታ የነካው ይህ ብይን ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ አለ፤ አምስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 ብይኑን ሻረው። የሻረው ግን ሕጉ ትክክል ነው ብሎ አይደለም። የቴክሳስ ፍርድ ቤት ምርመራው ቢደረግም የሞት ቅጣቱን አይለውጥም ብሎ አስቀድሞ ስለ ተናገረ፣ ሕጉ ሕገ ወጥ ነው ቢባል እንኳ ዐቃቤ ሕጉ ዕቃውን አይሰጥም፤ ስለዚህ ጉቴሬዝ በክሱ የሚያገኘው ጥቅም የለም የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ «ብትፈርዱብኝም እሺ አልልም» ማለት የሚችል ባለሥልጣን ሊከሰስ አይችልም እንደ ማለት ነው። በሐምሌ 16 ቀን 2024 ጉቴሬዝ መርፌው ሊወጋ 20 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሳገደለት። ከዚያ ቀደም በሰኔ 2020 በሌላ ምክንያት፣ በመገደያው ክፍል ውስጥ የሃይማኖት አባት አብሮት እንዲገኝ ባቀረበው ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ታግዶለት ነበር። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ለአብላጫው በጻፉት ውሳኔ ዐቃቤ ሕጉ ወደፊት ሌላ የመከልከያ ምክንያት ሊያገኝ መቻሉ የከሳሹን የመክሰስ መብት አያስቀርም፤ ዕቃው በእጁ ነው፣ የከለከለውም በዚህ ሕግ ተመክቶ ነው፣ ሕጉ ቢነሣ ከመከልከያዎቹ አንዱ ይነሣል አሉ። ዳኞች ቶማስ፣ አሊቶ እና ጎርሰች ተቃወሙ፤ አሊቶ የውሳኔው ተግባራዊ ውጤት ቅጣቱን ማጓተት ብቻ ነው የሚል አቋም ጻፉ። መዝገቡ ወደ ታችኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተመለሰ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ እውነቱን የሚያወጣ ከሆነ ለምን ይከላከላሉ? ብዙ ሰው ምርመራ የማግኘት መብት በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ ይመስለዋል። አይደለም። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከአላስካ በመጣ የኦስቦርን መዝገብ ላይ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ የተፈረደበት ሰው የራሱን ዲኤንኤ ማስረጃ ለመመርመር ራሱን የቻለ ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም፣ ጉዳዩ የሕግ አውጪዎች ነው ብሎ ወስኗል። ዛሬ ሃምሳዎቹም ክፍላተ ሀገር ሕግ አላቸው፤ የመጨረሻዋ ኦክላሆማ ስትሆን ያወጣችው በ2013 ነው። ፍርደኛው የቀረው መንገድ እነዚህ ሕጎች የተሠሩበት ወይም የተተረጐሙበት መንገድ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ መክሰስ ብቻ ነው። ይህም መንገድ የተከፈተው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመዝገብ በመዝገብ ነው። በ2011 በሃንክ ስኪነር መዝገብ፣ ስኪነር ሊገደል ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከተሰጠ ዕግድ በኋላ፣ ፍርደኛ በ1871 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መክሰስ እንደሚችል ተወሰነ። በ2023 በሮድኒ ሪድ መዝገብ የሁለት ዓመቱ ይርጋ መቆጠር የሚጀምረው የክፍለ ሀገሩ ክርክር ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ እንደ ሆነ ተወሰነ። የጉቴሬዝ ሦስተኛው ነው። ሦስቱም ከቴክሳስ፣ ሦስቱም በስድስት ለሦስት፤ አንዳቸውም ግን ምርመራው ይደረግ ብለው አላዘዙም።

የሪድን ጉዳይ ላንሣ፤ መከልከያው ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያልና። በ1996 አንዲት የ19 ዓመት ወጣት ባስትሮፕ በተባለ ካውንቲ በገዛ ቀበቶዋ ታንቃ ተገደለች። ገዳዩ ማንም ይሁን ማን ቀበቶውን በእጁ ጨብጦ በኃይል ስቧል፤ ዛሬ ያለው የምርመራ ዘዴ ደግሞ ከእጅ ንክኪ በቀሩ ጥቂት የቆዳ ሴሎች ላይ ይሠራል። ሪድ ቀበቶው ይመርመርልኝ ብሎ በ2014 ጠየቀ። የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች ከከለከሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ኤግዚቢቶቹ በፍርድ ሂደቱ ጊዜ ከብዙ እጅ ጋር ተነካክተዋል፣ ተበክለው ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ኤግዚቢቱን የያዘው መንግሥት ነው፤ በችሎት ያለ ጓንት ያስነካውም መንግሥት ነው፤ የመነካካቱ ዕዳ ግን የሚወድቀው በፍርደኛው ላይ ነው። መነካካት ቢኖርም የተደባለቀ ናሙናን ለይቶ ማየት የሚችሉ ቤተ ሙከራዎች አሉ፤ ካልተቻለም ውጤቱ «አልተለየም» የሚል ይሆናል፣ ያን ለማወቅ ግን መመርመር ያስፈልጋል። ይህን ክልከላ ለማስረዳት የሚበቃ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ዐቃብያነ ሕግ የሚያነሡት መከራከሪያ ግን ከንቱ ነው ብዬ አላልፈውም። ፍርድ መጨረሻ ሊኖረው ይገባል ይላሉ። በአገራችንም ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካልታየው በቀር ፍሬ ነገርን እንደ አዲስ እንደማይመረምር የሚያውቅ ሰው ይህ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል፤ ፍሬ ነገሩ በመጀመሪያው ችሎት ተሰምቷል፣ ምስክሮች ቀርበዋል፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሁሉን መቀስቀስ አይቻልም። የሟች ቤተሰብም አለ፤ በየጊዜው የግድያ ቀን እየተቆረጠ ሲነሣ ቁስላቸው አይሽርም። አንዳንዱ ፍርደኛም ምንም ተስፋ ሳይኖረው ጊዜ ለመግዛት ሊያመለክት ይችላል። እነዚህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ለአንድ ጉዳይ ይበቃሉ፣ ለሌላው አይበቁም። ምስክር ይረሳል፣ ይሞታል፤ በጥፍር ሥር ያለ ዘረ መል ግን በአግባቡ ከተያዘ ከሃያ ዓመት በኋላም የሚናገረው ያንኑ ነው። ምርመራው የሚፈጀው ሳምንታት ወይም ወራት ነው፤ ክርክሩ የፈጀው ዓመታትን ነው። ጊዜ መግዛት የሚያሳስበው ዐቃቤ ሕግ በ2010 ቢፈቅድ ኖሮ ሁሉም በ2011 ያበቃ ነበር።

ደግሞም መመርመር ሁልጊዜ ፍርደኛውን አይጠቅምም፤ ለዐቃብያነ ሕግ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው። ቨርጂኒያ በ1992 የገደለችው ሮጀር ኮልማን ንጹሕ ነኝ ብሎ ሞተ፤ በመላው ዓለም ብዙ ሰው አመነለት። የክፍለ ሀገሩ ገዥ በ2006 እንዲመረመር ፈቀዱ፤ ውጤቱ ኮልማን ወንጀለኛ መሆኑን አረጋገጠ። የስኪነር ምርመራም በመጨረሻ ሲደረግ የመጀመሪያ ደረጃው ዳኛ ውጤቱ ፍርዱን አይለውጥም አሉ፤ እርሱም በ2023 በእስር ላይ ሳለ በሕመም ሞተ። በዚህ ጉዳይ የሚያሳዝነው ከሟቿ አጠገብ የተገኘው ጃኬት በመንግሥት እጅ ሆኖ መጥፋቱ ነው፤ ያ ጃኬት ምን ሊናገር ይችል እንደ ነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም።

በተቃራኒው ክሎድ ጆንስን ቴክሳስ በታኅሣሥ 2000 ገደለችው። ከወንጀሉ ሥፍራ ጋር ያያይዘዋል የተባለው ቁሳዊ ማስረጃ ግድያው በተፈጸመበት የመጠጥ መሸጫ ባንኮኒ ላይ የተገኘ አንድ ቁራጭ ፀጉር ነበር፤ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አይቶ የጆንስን ፀጉር ይመስላል ብሏል። ከመገደሉ በፊት ጠበቆቹ ምርመራ እንዲደረግ ቅጣቱ ይታገድ ብለው ጠየቁ፤ ለአገረ ገዥው የቀረበው ማስታወሻ ስለ ዲኤንኤ ጥያቄው አልጠቀሰም፣ ዕግድም አልተሰጠም። በ2010 ፀጉሩ ሲመረመር በመሸጫው የተገደለው ሰው የራሱ ሆኖ ተገኘ። ጆንስ ንጹሕ ነበር ለማለት ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ለሞት ያበቃው ማስረጃ ግን እንዳልነበረ ይቈጠራል፣ እርሱም ይህን አላየም። ማይክል ሞርተን ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ሞት ሳይሆን ዕድሜ ልክ የተፈረደበት የቴክሳስ ሰው ነበር፤ ከቤቱ ጀርባ የተገኘ ሻሽ እንዳይመረመር ዐቃቤ ሕጉ ከ2005 ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል ተከራከረ። ሲመረመር የሚስቱ ደምና የሌላ ሰው ዘረ መል ተገኘበት፤ ሞርተን ወደ 25 ዓመት ከታሰረ በኋላ በ2011 ወጣ። ሞት ተፈርዶበት ቢሆን ኖሮ ያን ስድስት ዓመት ይጠብቅ ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ተግባራዊ ነውና በቀጥታ ልመልስ። ዘመድዎ በቴክሳስ ከባድ ወንጀል ተፈርዶበት ከሆነና በማንነት ላይ ክርክር ካለ፣ ከምርመራ ጥያቄ በፊት የሚቀድመው ዕቃዎቹ መኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። የቴክሳስ ሕግ ለሞት የተፈረደበት ሰው ጉዳይ የተያዘ የአካል ፈሳሽ፣ ፀጉር፣ ቆዳና መሰል ማስረጃ ፍርደኛው እስኪገደል፣ እስኪሞት ወይም በአመክሮ እስኪለቀቅ እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ ሕግ መኖሩ ግን ዕቃው አለ ማለት አይደለምና የፖሊስ ጣቢያው፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ እና ቤተ ሙከራው ምን በእጃቸው እንዳለ ጠበቃ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ያድርጉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ዘመድዎ ጠበቃ መቅጠር ካልቻለ፣ ለማመልከት የሚያበቃ በቂ ምክንያት ካለው ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ሊመድብለት እንደሚገባ የምርመራ ሕጉ ራሱ ይደነግጋል። ጥያቄውን ማዘግየት ከሁሉ ይጎዳል፤ የግድያ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ «ለማጓተት የቀረበ» ተብሎ በቀላሉ ይወድቃል።

ክሱ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይታወቅ። ከ2013 ጀምሮ ቴክሳስ ሞት በሚጠየቅበት ክስ ከዘረ መል ጋር የተያያዘ ማስረጃ ሁሉ ከችሎቱ በፊት እንዲመረመር ታዝዛለች። እንደ ጉቴሬዝና እንደ ሪድ ያሉት ሰዎች የተፈረደባቸው ከዚህ ሕግ በፊት ስለሆነ አልደረሰላቸውም፤ ዛሬ የሚከሰስ ሰው ያለ ክርክር የሚያገኘውን ምርመራ እነርሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው ይለምናሉ። የዘመድዎ ጠበቃ ይህን ሕግ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያንሣው፤ ያልተመረመረ ዕቃ ካለም ለምን እንዳልተመረመረ ዐቃቤ ሕጉ በችሎት እንዲያስረዳና መልሱ በመዝገብ እንዲሰፍር ይጠይቅ።